የአበበ ሩጫና የካሜራው መንቀጥቀጥ

ከደብረ ብርሃን በስተ ምዕራብ፣ በመንዲዳ አካባቢ፣ ጃቶ በተባለች መንደር በ1924 ዓ.ም. የተወለደው ሻምበል አበበ ቢቂላ በሩጫ ታሪክ ያለው ስፍራ የታወቀ ነው። በተንቀሳቃሽ ምስል ታሪክ ውስጥ ያለው ስፍራ ግን እምብዛም አልተወሳም። ሯጩም ካሜራውም አብረው ሲጓዙ በምስሉ ላይ የሚታየው መንቀጥቀጥ የማንኛቸው ነው?

ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. አበበ በሮም በባዶ እግሩ ሲሮጥ መሽቶ ስለ ነበር፣ በጥንታዊው የአፒያ ጎዳና ወታደሮች ችቦ ይዘው መንገዱን ያበሩ ነበር። ብርሃን ባነሰበት ቦታ ፊልሙ ምስሉን ለመቀበል ረዘም ያለ ጊዜ ይሻል፤ በዚያች ቅጽበት የተነቃነቀ ነገር ሁሉ ይደበዝዛል።

ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ የሆነው ከዚህ የተለየ ነው። ጃፓናዊው የፊልም አዘጋጅ ኮን ኢቺካዋ አበበን በረጅም ሌንስና በዝግታ እንቅስቃሴ አስነሣው። ረጅም ሌንስ ሩቁን እንደሚያቀርብ ሁሉ ትንሿንም ንቅናቄ ያጎላል፤ ዝግታው ግን ንቅናቄውን ያለዝበዋል። በመሆኑም የአበበ ፊት እንደ ረጋ፣ ሕዝቡና መንገዱ ከኋላው ይፈስሳሉ።

ይኸው ምስል በ1969 ዓ.ም. ለሕዝብ በቀረበው «ማራቶን ማን» በተሰኘው የአሜሪካ ፊልም ውስጥ ተመልሶ ታየ። ደስ የሚል አጋጣሚ ሆኖ፣ ይህ ፊልም ጋሬት ብራውን የፈለሰፈው ስቴዲካም በመጀመሪያ ከተሠራባቸው አንዱ ነበር። መሣሪያው አንሺው በሚታጠቀው ሰደርያ ላይ በስፕሪንግ ክንድ ተያይዞ፣ የሰውየው እርምጃ ወደ ካሜራው እንዳይተላለፍ ያደርጋል።

በዲጂታል ዘመን ማቃናቱ ወደ ስሌት ተዛወረ። ኮምፒዩተሩ ግንቡን፣ ዛፉንና የመሳሰለውን የማይንቀሳቀስ ነገር ከፍሬም ወደ ፍሬም እየተከተለ የካሜራውን ጉዞ ይገምታል፤ ከዚያም ምስሉን በተቃራኒው ያንሸራትታል፤ ጠርዙም ይቆረጣል። ከካሜራዎቹም ጋር አዲስ እንከን መጣ። ብዙዎቹ ምስሉን መስመር በመስመር ስለሚያነቡ፣ በደብረ ብርሃን ሜዳ ከሚሮጥ መኪና የተነሣ የስልክ እንጨት ያዘመመ ይመስላል። ይህንን ለማቃናት የእያንዳንዱን መስመር ጊዜ ለየብቻ ማስላት ያስፈልጋል።

ስሌቱ በአሮጌ ፊልም ላይ ሲውል ጥንቃቄ ይሻል። አበበ ፍሬሙን በሞላበት ቦታ ሯጩን እንደ ቋሚ ነገር ከቆጠረው፣ አበበ ቆሞ መንገዱ ይሮጣል። ያልተነካው ቅጂ ከተቃናው ጎን ሊቀመጥ የሚገባውም ለዚህ ነው። በጨለማ የደበዘዘ ፍሬም ደግሞ ቢረጋም አይጠራም፤ እንዲያውም መንቀጥቀጡ ሲወገድለት ድብዝዝታው ከቀድሞው ይልቅ ጎልቶ ይታያል።