የባዕድ ገበታና የአገር ፊደል

«የሰው ወርቅ አያደምቅ» ይላሉ አባቶቻችን። እኛም የኮምፒዩተርን ታሪክ ስናጠና፣ የዚህን ተረት እውነትነት መረመርን።

የላቲን ፊደላት ዛሬ በመጻፊያ ገበታ ላይ የሚገኙበትን ተራ የያዙት በአሜሪካዊው በሚስተር ክሪስቶፈር ሾልስ የጽሕፈት መኪና ነው፤ ይኸውም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1874 ዓ.ም. ለገበያ ቀረበ። በ1981 የወጣው የአይ ቢ ኤም የግል ኮምፒዩተርም 83 ቁልፎች ይዞ ይህንኑ ተራ ወረሰ። ነገር ግን ቁልፉ ሲመታ ወደ ውስጥ የሚልከው ፊደል ሳይሆን የቦታውን ቁጥር ነው፤ ተርጓሚው ፕሮግራሙ ነው። ስለዚህ በ1987 በወጣው በዶስ 3.3 የፈረንሳይ ገበታ ቢታዘዝ፣ «ኪው» የታተመበት ቁልፍ «ኤ»ን ይጽፋል። ኮንትሮል፣ አልትና ኤፍ 1 አንድነት ቢጫኑ ደግሞ ወደ አሜሪካው ይመለሳል።

የእኛ ፊደል ግን 33 በ7 ሲባዛ 231 ነው፤ 83 ቁልፍ አይበቃውም። ታዲያ ፊደሉ ይቀነስ ወይስ መሣሪያው ይታረም? የአገራችን ባለሙያዎች ፊደሉን ሳይነኩ፣ አንዱን ሆሄ በሁለት ምት መጻፍን አበጁ፤ «ኤል» እና «ዩ» ቢመቱ «ሉ» ይወጣል። ሆኖም ልዩ ልዩ ፕሮግራሞች ለአንዱ ሆሄ ልዩ ልዩ ቁጥር ስለ ሰጡት፣ በአንዱ የተጻፈው በሌላው አልነበብ አለ። ይህም በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ለየሆሄው የጋራ ቁጥር ሲመድብ መቃናት ጀመረ።

እንግዲህ መሣሪያን ከባዕድ መቀበል ነውር አይደለም፤ ነውሩ ለመሣሪያ ሲባል ፊደልን መጣል ነው። ዘንድሮ ከትምህርት ቤታችን የምንሰናበት እኛ፣ የሰው ወርቅም ቢሆን በራስ እጅ ከተሠራ እንደሚያደምቅ ተምረናል።