በአውሬዎች አንደበት የተናገሩት የመጀመሪያው የኮሜዲ ጸሐፊ፡ በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም

በኢትዮጵያ የኮሜዲ ታሪክ ሲነሳ ብዙዎቻችን ፈጥነን የምናስታውሰው በቴሌቪዥን መስኮት ያየናቸውን ሰዎች ነው። አለባቸው ተካ በ"አለቤ ሾው" ተመልካቹን ሲያስቅም ሲያስለቅስም ኖሯል። አርቲስት ጥላሁን ጉግሳ ደግሞ "ቤቶች" በተሰኘው ተከታታይ ኮሜዲ የቤተሰብን ጓዳ በሳቅ አዋዝቶ ለብዙ ዓመታት ወደየሳሎኑ አድርሷል። ይሁን እንጂ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥርጭቱን ከጀመረበት ከ1957 ዓ.ም. ከአራት አሥርት ዓመታት በፊት ኮሜዲ ጽፈው፣ ተዋንያን አሰባስበው፣ አዳራሽ ፈልገው ለሕዝብ ያቀረቡ አንድ ኢትዮጵያዊ ነበሩ። እኚህ ሰው በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። ሥራቸውም "ፋቡላ፡ የአውሬዎች ኮሜዲያ" ይባላል። በዘመናዊ የመድረክ ይዘት የተጻፈ የመጀመሪያው የአማርኛ ቴአትር ተብሎም ይታወቃል።

ከሰያደብር እስከ ሩሲያ

ተክለ ሐዋርያት በ1876 ዓ.ም. በሸዋ ሰያደብር ተወለዱ። በልጅነታቸው የቤተ ክህነት ትምህርት ቀስመዋል። ኋላም ወደ ሐረር ሄደው በራስ መኮንን ቤት አደጉ። በ1888 ዓ.ም. የዐድዋ ጦርነት ሲካሄድ ከራስ መኮንን ሠራዊት ጋር ዘምተዋል፤ ዕድሜያቸው ገና አሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ነበር።

ከድሉ በኋላ ወደ ሩሲያ የመሄድ ዕድል አገኙ። በዚያም ከአሥር ዓመት በላይ ቆይተው በመድፈኛ መኮንንነት ሠለጠኑ። ይሁንና ወደ ሀገራቸው ሲመለሱ በልባቸው የያዙት የጦር ትምህርትን ብቻ አልነበረም። የአውሮፓን ቴአትርና ሥነ ጽሑፍ ተመልክተዋል፤ የእርሻን ዘመናዊ ዕውቀትም ተከታትለዋል። ስለ እርሻ በአማርኛ የማስተማሪያ መጽሐፍ እስከ መጻፍ መድረሳቸው ለአርሶ አደሩ የነበራቸውን አሳቢነት ያሳያል። ማረሻና መድረክ በአንድ ሰው ሕይወት ውስጥ የተገናኙበት ታሪክ በመሆኑ ለገጠሩ አንባቢ ልዩ ትርጉም አለው።

ለምን አውሬዎች?

"ፋቡላ" በ1910ዎቹ በአዲስ አበባ ለመድረክ በቃ። መነሻውም የፈረንሳዊው ላ ፎንቴን የእንስሳት ተረቶች ናቸው። በእነዚህ ተረቶች ውስጥ አንበሳ ይነግሣል፣ ቀበሮ ታታልላለች፣ በግ ትበደላለች። ተመልካቹ ግን ስለ ዱር እንስሳት ብቻ እንደማይወራ ያውቃል።

ስልቱን በአንድ የታወቀ ተረት ማስረዳት ይቻላል። ተኩላና የበግ ግልገል በአንድ ወንዝ ውኃ ይጠጣሉ። ተኩላው ከላይ፣ ግልገሏ ከታች ቆመዋል። ተኩላው ግን "ውኃዬን አደፈረሽብኝ" ብሎ ይከሳታል። ውኃ ሽቅብ እንደማይፈስ ለማንም ግልጽ ነው። ግልገሏ ይህንኑ ብታስረዳም ከመበላት አትድንም። የመስኖ ተራ የሚጠብቅ ወይም ከብቶቹን ወደ ወንዝ የሚነዳ አርሶ አደር የዚህን ተረት ወርቅ ለማግኘት አስተርጓሚ አያስፈልገውም። ክርክሩ የውኃ ሳይሆን የጉልበት መሆኑን ወዲያው ይረዳል።

ይህ አነጋገር ለእኛ አካባቢ ሰው እንግዳ አይደለም። ቅኔው በሰምና ወርቅ ይናገራል፤ አዝማሪውም ባለሥልጣኑን እያወደሰ ይወቅሳል። የጎንደሩ አለቃ ገብረ ሐና ቀልድ እስከ ዛሬ በየለቅሶ ቤቱና በየሰርግ ቤቱ የሚነገረው ሳቁ ውስጥ ትችት ስላለበት ነው። ተክለ ሐዋርያት ያደረጉት ይህን ነባር ጥበብ ከአውሮፓው የመድረክ ሥርዓት ጋር ማጋባት ነበር። የሰዎቹን ስም ሳይጠሩ፣ የአውሬዎቹን ጠባይ እያሳዩ ሹመትን፣ ጉቦንና ግፍን እንዲያስብ ተመልካቹን ጋበዙት።

ሳቁ ቤተ መንግሥት ሲደርስ

በዚያን ዘመን ቴአትር ለማቅረብ የተሟላ አዳራሽ፣ የሠለጠነ ተዋናይና የለመደ ተመልካች አልነበረም። ዛሬ ጸሐፊ፣ አዘጋጅና ፕሮዲውሰር በየፊናቸው የሚሸከሙትን ኃላፊነት ቀዳሚው ደራሲ በአብዛኛው ብቻቸውን ተሸከሙት። ትርኢቱም በአንድ ሆቴል ቀረበ። ከተመልካቾቹ መካከል መኳንንትና ባለሥልጣናት ይገኙበት ነበር።

የመኳንንቱ ምላሽ ግን ሳቅ ብቻ አልነበረም። በአውሬዎቹ ውስጥ ራሳቸውን ያዩ ሰዎች እንደነበሩ ይተረካል። ወሬው ቤተ መንግሥት ደርሶ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ሥራው ታገደ፤ ቴአትርም ለዓመታት ዝም አለ። ዝምታው የተሰበረው በ1920ዎቹ የጎጃሙ ዮፍታሔ ንጉሤና ሌሎች ጸሐፍት ተውኔት ይዘው ብቅ ሲሉ ነው። የመጀመሪያው የአማርኛ ኮሜዲ የመጀመሪያው የታገደ ቴአትርም መሆኑ አንድ ነገር ያስገነዝባል። ሳቅ ቀላል ነገር ቢመስልም የሚሳቅበት ሰው ክብደቱን አስቀድሞ ያውቃል።

ከመድረክ ወደ መንግሥት ሥራ

ተክለ ሐዋርያት የሥልጣንን ባሕርይ ከውጭ ሆነው ብቻ የተቹ ሰው አልነበሩም። በ1909 ዓ.ም. በሰገሌ ጦርነት ተሳትፈዋል። ኋላም ጅጅጋን፣ ቀጥሎም ጨርጨርን አስተዳድረዋል። በጨርጨር የአሰበ ተፈሪን ከተማ (የዛሬዋን ጭሮ) መሥርተው አስተዳደሩ ለሌሎች አርአያ እንዲሆን ጥረዋል። የገንዘብ ሚኒስትር ሆነውም ሠርተዋል። ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የታወጀውን የሀገሪቱን የመጀመሪያ የተጻፈ ሕገ መንግሥት ያረቀቁትም እሳቸው ናቸው፤ ለረቂቁ መነሻ ያደረጉት የጃፓንን የሜጂ ሕገ መንግሥት ነበር።

የፋሺስት ኢጣሊያ ወረራ ሲቃረብ በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት የኢትዮጵያን አቤቱታ አሰምተዋል። በተረት ያስተማሩት የተኩላና የግልገል ክርክር በገሃድ የገጠማቸው በዚያ ነው ማለት ይቻላል። ማስረጃው ከተበዳይ ጋር ነበር፤ ጉልበቱ ግን ከወራሪው ጋር ሆነ። በ1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከሀገር ሲወጡ ተክለ ሐዋርያት ውሳኔውን ተቃወሙ። ይህም ልዩነት ለረጅም ጊዜ ከመንግሥት ሥራ አራቃቸው። ማዳጋስካርን ጨምሮ በባዕድ ሀገር ለብዙ ዓመታት በስደት ኖሩ።

ወደ ሀገራቸው ሲመለሱ ሹመት ፍለጋ አልደከሙም። በሐረርጌ ሒርና በእርሻ ሥራ ላይ አተኮሩ። በ1969 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። የሕይወት ታሪካቸውን የጻፉበት መጽሐፍ ካረፉ ከዓመታት በኋላ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ታትሟል።

ለስሜን የቀረበው ቅርስ

የተክለ ሐዋርያት የብዕር ውርስ በልጃቸው በግርማቸው ተክለ ሐዋርያት ቀጥሏል። ግርማቸው "አርአያ" በተሰኘው ልብ ወለዳቸው ይታወቃሉ፤ ስለ ዐፄ ቴዎድሮስም ተውኔት ጽፈዋል። ቴዎድሮስ በ1847 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት በስሜን ደረስጌ ማርያም በመሆኑ የአባትና የልጅ የመድረክ ታሪክ እስከ ተራሮቻችን ሥር ይደርሳል።

ዛሬ በደባርቅና በዳባት የትምህርት ቤት ክበባት አጫጭር ጭውውት ይዘጋጃል፤ በየበዓሉም ይቀርባል። ብዙ ጊዜ ግን ጭውውቱ የሚያስቀው የገጠሩን ሰው አነጋገርና አለባበስ በማስመሰል ነው። የ"ፋቡላ" መንገድ ከዚህ ይለያል። የሚሳቅበት ደካማው ሳይሆን በጉልበቱ የሚመካው ነው። ለወጣት ጸሐፍት የሚጠቅመው ዋና ትምህርትም ይኸው ነው። ጭላዳው፣ ዋልያውና ቀይ ቀበሮው በደጃችን ስላሉ የገጸ ባሕርይ እጥረት አይኖርም። የሚቀረው ማን በማን ላይ እንደሚስቅ አስቦ መጻፍ ነው።