ያገለገለ መለዋወጫ ሲከዳችሁ፦ የዕቃውን ዋጋ ብቻ ሳይሆን ያስወጣችሁን ወጪ ጭምር እንዴት ትጠይቃላችሁ?

ጉለሌ ዳገት ነው። ከስድስት ኪሎ ተነስቶ በሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ የሚወጣ መኪና፣ ወይም ከአዲሱ ገበያ ወደ ሱሉልታ የሚያቀና ሚኒባስ ሞተሩ ሜዳ ላይ የማያየውን ፈተና እዚህ ያያል። መርካቶ ሶማሌ ተራ ላይ "ንፁህ ነው፣ ከጃፓን መኪና የተፈታ ነው" ተብሎ የተገዛ ራዲያተር እውነቱን የሚያወጣው ዳገቱ መሃል ላይ ነው። ፍሪሲዮንም እንደዛው። የፍሬን ዕቃ ደግሞ ቁልቁለቱ ላይ።

ያገለገለ ዕቃ መግዛት የሚያሳፍር ነገር አይደለም። መንገዳችን ላይ ያለው አብዛኛው መኪና አሮጌ ነው። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 የውጭ ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን ተደረገና የአዲስ መለዋወጫ ዋጋ ከብዙ ሰው አቅም በላይ ሆነ። ስለዚህ ያለውን ቪትዝ ወይም ኮሮላ እየጠጋገኑ መንዳት ነው፤ ለዚያ ደግሞ ሰከንድ ሃንድ ዕቃ ያስፈልጋል።

ችግሩ የሚመጣው ዕቃው ሲበላሽ ነው። የዕቃው ዋጋ ብዙ ጊዜ ትንሹ ኪሳራ ነው። ለምሳሌ ያህል ቁጥር እናስቀምጥ (ቁጥሩ የኛ ግምት ነው፣ ዋናው ስሌቱ ነው)። አንድ የራይድ ሹፌር ያገለገለ ራዲያተር በ9,000 ብር ገዛ። ለመግጠሚያ 2,500 ከፈለ። በሁለተኛው ቀን ሽሮ ሜዳ ላይ ውኃው ፈሶ ሞተሩ ጋለ፤ ለመጎተቻ 3,000 ወጣ። ቴስታታው ተፈቶ ተላጠ፣ ጋስኬት ተቀየረ፣ 28,000። ስድስት ቀን ቆመ፤ በቀን የተጣራ 1,500 ያገኝ ከነበረ 9,000 ቀረበት። ድምሩ 51,500 ብር። ባለ ሱቁ "እሺ ወንድሜ፣ አትጨቃጨቅ፣ 9,000ህን እንካ" ቢለው 42,500ው የት ሄደ?

ብዙ ሰው 9,000ዋን ተቀብሎ "እሱም እግዜር ይስጠው" ብሎ ይሄዳል። ሕጉ ግን ከዚህ የተሻለ ነገር ይላል።

መጀመሪያ አንድ የተሳሳተ ወሬ እናጥፋ። "ሰከንድ ሃንድ ስለሆነ መብት የለህም" የሚባለው ልክ አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2287 ሻጭ የሸጠው ዕቃ ከውሉ ጋር የሚስማማና ጉድለት የሌለበት መሆኑን ለገዢው ዋስ መሆን አለበት ይላል፤ አዲስና አሮጌ ብሎ አይለይም። ጉድለት ማለት ምን እንደሆነ አንቀጽ 2289 ላይ አለ፤ በአጭሩ ዕቃው ለተለመደው አገልግሎቱ ወይም በውሉ ለታሰበው አገልግሎት የሚያስፈልገው ባሕርይ ከሌለው ጉድለት አለበት። እርግጥ ያገለገለ ዕቃ እንደ አዲስ 5 ዓመት ይቆያል ብሎ መከራከር አያዋጣም። የተጫጫረ፣ ቀለሙ የለቀቀ፣ ዕድሜው ያጠረ ቢሆን ይህ ያገለገለ የመሆኑ ባሕርይ ነው። ውኃ የማይዝ ራዲያተር ግን ያገለገለም ይሁን አዲስ ራዲያተር አይደለም።

እያወቃችሁ የገዛችሁትን ጉድለት ግን በኋላ ማንሳት አትችሉም። "ይቺ ጋ ትንሽ ተበይዷል፣ ለዛ ነው የቀነስኩልህ" ተብሎ በዚያ ዋጋ ከተስማማችሁ፣ ብየዳው ቢለቅ ጣጣው የናንተ ነው።

"የተሸጠ ዕቃ አይመለስም" የሚለው ጽሑፍስ? ደረሰኝ ላይም ግድግዳ ላይም አለ። ሻጭና ገዢ ዋስትናውን በግልጽ ተስማምተው ሊያጠቡት እንደሚችሉ ሕጉ ይፈቅዳል፤ ሻጩ ጉድለቱን እያወቀ ደብቆ ከሆነ ግን ያ ስምምነት ዋጋ የለውም። በተጨማሪ በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 የገዛው ዕቃ ጉድለት የተገኘበት ሸማች በገዛ በ15 ቀን ውስጥ ይቀየርልኝ ወይም ገንዘቤ ይመለስልኝ ማለት እንደሚችል ይደነግጋል። ዕቃው ያገለገለ ወይም የታደሰ መሆኑን በትክክል አለመግለጽንም ይከለክላል። ያገለገለን ዕቃ አጥቦና ቀብቶ "አዲስ ነው" ማለት እንግዲህ ተራ የንግድ ብልጠት ሳይሆን ሕገወጥ ድርጊት ነው። በነገራችን ላይ ብሪታንያ በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣችው የሸማቾች መብት ሕግ ያገለገለ ዕቃም የሚሸፈን ሲሆን፣ ጉድለት ያለበትን ለመመለስ 30 ቀን ይሰጣል። የኛው 15 ቀን አጭር ነው፤ ለዚህ ነው ፍጥነት የሚያስፈልገው።

አሁን ወደ 42,500ው እንመለስ። ከውል አለመፈጸም የሚመጣ ካሳ እንዴት እንደሚሰላ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ከአንቀጽ 1799 ጀምሮ ይናገራል። መነሻው እንዲህ ያለ ጉድለት በአእምሮ ሰው ግምት በተለምዶ የሚያስከትለው ኪሳራ ነው። የመግጠሚያና የማውለቂያ ክፍያ እዚህ ውስጥ ይገባል ብሎ መከራከር ከባድ አይደለም፤ ራዲያተር የሚገዛ ሰው እንደሚያስገጥመው ሻጩም ያውቃል። መጎተቻውም እንደዚሁ። የጋለው ሞተር ላይ ክርክር ይነሳል። የስድስት ቀን ገቢ ላይ ደግሞ የበለጠ።

እዚህ ላይ አንቀጽ 1801 ይመጣል። ኪሳራው ከተለመደው የበለጠበትን ልዩ ሁኔታ ሻጩ ውሉ ሲደረግ ያውቅ ከነበረ፣ ካሳው በእውነት የደረሰውን ኪሳራ ያህል ይሆናል። ሻጩ ሆን ብሎ ወይም በከባድ ቸልተኝነት ካደረገውም ያው ነው። ስለዚህ ስትገዙ የምትናገሩት አንድ ዓረፍተ ነገር ብዙ ብር ያወጣል፦ "ይቺ መኪና እንጀራዬ ናት፣ ራይድ ነው የምሠራባት፣ ከቆመች በቀን ይሄን ያህል አጣለሁ።" በቃል ከምትናገሩት ደግሞ በቴሌግራም ብትጽፉት ይሻላል። ዕቃውን ከመክፈላችሁ በፊት።

አንቀጽ 1802 ግን ወደናንተ ይዞራል፤ ተጎጂው ኪሳራው እንዳይበዛ የሚችለውን ማድረግ አለበት። የሙቀት መለኪያው ቀይ ላይ ደርሶ እያያችሁ "እስከ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ልድረስ" ብላችሁ ከነዳችሁ፣ የቴስታታውን ወጪ ሻጩ ላይ መጫን ይከብዳል። አቁሙ። ሰዓቱንና ቦታውን የሚያሳይ ፎቶ አንሱ። በመጎተቻ ይወሰድ።

ቀጥሎ ያለው ነገር በእኛ እይታ ከሁሉም ይበልጣል። ሕጉ ገዢው ዕድሉን እንዳገኘ ዕቃውን እንዲመረምር (አንቀጽ 2291)፣ ጉድለት ሲያገኝም ሳይዘገይ የጉድለቱን ዓይነት ዘርዝሮ ለሻጩ እንዲያሳውቅ (አንቀጽ 2292) ያዛል። ካላሳወቃችሁ መብታችሁን ልታጡ ትችላላችሁ። ካሳወቃችሁ በኋላም ለመክሰስ ያላችሁ ጊዜ 1 ዓመት ነው። በስልክ ደውሎ መጮህ ማሳወቅ ሊባል ይችል ይሆናል፤ ግን በምን ታስረዳላችሁ? ጻፉ። እንዲህ ዓይነት መልእክት ይበቃል፦

"ጤና ይስጥልኝ። መስከረም 12 ከሱቅዎ የገዛሁት የቪትዝ ራዲያተር በተገጠመ በሁለተኛው ቀን ከታች በኩል ውኃ ማፍሰስ ጀምሯል። ፎቶና ቪዲዮ ልኬልዎታለሁ። መኪናውን አቁሜያለሁ። እስከ ነገ ማታ መጥተው ወይም ሰው ልከው እንዲያዩት፣ ዕቃውን እንዲቀይሩልኝ ወይም ገንዘቤን እንዲመልሱልኝ፣ ለመግጠሚያና ለመጎተቻ ያወጣሁትንም እንዲከፍሉኝ እጠይቃለሁ።"

ስድብ የለበትም፣ ማስፈራሪያ የለበትም። ነገ ዳኛ ፊት ቢነበብ አያሳፍራችሁም። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ደግሞ መልእክት ኤሌክትሮኒክ ስለሆነ ብቻ ሕጋዊ ውጤት እንዳይከለከል አድርጓል፤ ቻቱን አታጥፉት፣ ስልክ ስትቀይሩም ቅጂ ያዙ።

ደረሰኝ ከሌላችሁስ? ሶማሌ ተራም ሆነ ሰፈር ውስጥ ብዙ ግዢ በእጅ በእጅ ነው። ነጋዴ ደረሰኝ የመስጠት ግዴታ አለበት፤ አልሰጠም ማለት ግን ውል የለም ማለት አይደለም። የተራ ዕቃ ሽያጭ በጽሑፍ ካልሆነ አይጸናም የሚል ሕግ የለም፤ ምስክር ይሰማል። በቴሌብር ወይም በባንክ ከከፈላችሁ የዝውውሩ ቁጥር፣ ቀኑና የተቀባዩ ስም አለ። ስትልኩ ምክንያት መጻፊያው ላይ "ያገለገለ ራዲያተር ቪትዝ" ብሎ መጻፍ 5 ሰከንድ ነው።

የመካኒኩ ጉዳይ ደግሞ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ሻጩ የሚለው የመጀመሪያው ነገር "ዕቃዬ ጤነኛ ነበር፣ መካኒክህ ነው ያበላሸው" ነው። መካኒኩም "ዕቃው ነው" ይላል። መሃል ላይ እናንተ ናችሁ። ስለዚህ ዕቃው ከመፈታቱ በፊት ሻጩን ጥሩት፤ ካልመጣ እዚያው እንዳለ በቪዲዮ ቅረፁ፣ ከዚያ ከገጠመው መካኒክ ውጭ የሆነ ሌላ ጋራዥ አይቶ ምክንያቱን በጽሑፍ፣ በማኅተም ይስጣችሁ። የተበላሸውን ዕቃ ለቆራሌው እንዳትሰጡ። እሱ ከጠፋ ማስረጃችሁ ጠፋ።

ሌላም አለ። ብዙ ጊዜ ዕቃውን የሚገዛው ራሱ መካኒኩ ነው፤ ብር ትሰጡታላችሁ፣ እሱ መርካቶ ወርዶ ያመጣል፣ ኮሚሽንም ይይዛል። ከማን እንደገዛ ካላወቃችሁ ማንን ትጠይቃላችሁ? የሱቁን ስም፣ ቁጥርና ስልክ ከዕቃው ጋር ያምጣ። ካልፈለገ፣ ዕቃውን ራሱ እንደሸጠላችሁ የሚገልጽ ወረቀት ይስጥ።

ወዴት ነው የሚኬደው? መጀመሪያ ሱቁ። አጎራባች ነጋዴዎች መሃል ገብተው ሲሸመግሉ ብዙው ነገር እዚያው ያልቃል፤ ጥሩ ነው፣ ፍርድ ቤት ከመመላለስ ይሻላል። አንድ ነገር ብቻ፦ 9,000ዋን ስትቀበሉ "ከዚህ በኋላ ምንም ጥያቄ የለኝም" የሚል ወረቀት ላይ ከፈረማችሁ፣ የጋራዡና የቆማችሁበት ቀን ጥያቄ በዚያው ተዘጋ። "የዕቃውን ዋጋ ብቻ ተቀብያለሁ" ተብሎ ይጻፍ።

በሱቁ ካልሆነ የክፍለ ከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት ነው። እዚህ ላይ ሰው ይሳሳታል፤ የሚኬደው እናንተ ወደምትኖሩበት ሳይሆን ሱቁ ወዳለበት ነው። ሱቁ አዲሱ ገበያ ከሆነ ጉለሌ፣ መርካቶ ከሆነ አዲስ ከተማ። በፌዴራል ደረጃ ድሮ የንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ ባለሥልጣን የሚባል ተቋም ነበር፤ አሁን ሥራው በንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ሥር ነው። በአዋጅ 813 መሠረት ካሳ መጠየቅ የሚቻለው ከቸርቻሪው ብቻ አይደለም፤ ከአስመጪ ጀምሮ በአቅርቦቱ ውስጥ ያሉትን በአንድነትም በነጠላም መጠየቅ ይቻላል። አዋጁ "ሸማች" የሚለው ግን ለግል ወይም ለቤተሰብ ፍጆታ የሚገዛውን ነው። የራይድና የሚኒባስ ባለቤቶች እዚህ ጋ "አንተ ነጋዴ ነህ" የሚል ክርክር ሊገጥማችሁ ይችላል። ያኔ የፍትሐ ብሔር ሕጉን ያዙ፤ እሱ ገዢ ይላል እንጂ ምን ሥራ እንዳላችሁ አይጠይቅም።

የፍትሐ ብሔር ክስ የሚቀርበው ለፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 1234/2013 እስከ 10 ሚሊዮን ብር ያለውን ጉዳይ ያያል። ወደ ክርክር ሳትገቡ በፍርድ ቤቱ አስማሚ በኩል ለመጨረስ መጠየቅም ትችላላችሁ። ክሱ ላይ ሁሉንም ዘርዝሩ፦ የዕቃ ዋጋ፣ መግጠሚያ፣ መጎተቻ፣ ጥገና፣ የቀረ ገቢ፣ ወለድ (ሕጋዊው ወለድ በዓመት 9 በመቶ ነው)። ለቀረ ገቢ የራይድ መተግበሪያው ላይ ያለው የቀን ገቢ ታሪክ ጥሩ ማስረጃ ነው፤ ከመበላሸቱ በፊት የነበሩትን ሁለት ሦስት ሳምንታት አትሙት፣ ነዳጁንም ራሳችሁ ቀንሱ።

ፍሬን ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ያገለገለ የፍሬን ዕቃ ከድቷችሁ ሰው ብትገጩ፣ በአንቀጽ 2081 መሠረት ለተጎጂው የምትጠየቁት እናንተ የመኪናው ባለቤቶች ናችሁ፤ "ዕቃው ነው" ማለት ከተጎጂው አያድንም። ሻጩን የምትጠይቁት ከከፈላችሁ በኋላ፣ ለብቻ ነው። የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ደግሞ የተጎጂውን እንጂ የራሳችሁን መኪና ጥገና አይሸፍንም። ፍሬንና መሪ ላይ ያገለገለ ዕቃ ባትገዙ እንመርጣለን፤ ቁልቁለቱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ።

ዋጋው እጅግ የረከሰ ስፖኪዮ ወይም መብራት ሲቀርብላችሁ ደግሞ ከየት እንደተፈታ ጠይቁ። የተሰረቀ መሆኑን እያወቁ መግዛት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 682 ያስቀጣል፤ ባለቤቱም መጥቶ ሊወስደው ይችላል።

ለፍርድ ቤት ክፍያ አቅም የሌለው ሰው በደሃ ደንብ እንዲከስ ሊፈቀድለት ይችላል፤ የገቢ ሁኔታችሁን የሚያሳይ ማስረጃ ከወረዳችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ጠበቃ ለማቆም ለማትችሉ ደግሞ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት አሉት፤ ስትሄዱ ደረሰኙን፣ የቻቱን ቅጂ፣ የጋራዡን ወረቀትና የተበላሸውን ዕቃ ፎቶ ይዛችሁ ሂዱ።