መተማ ከጦር ሜዳነቷ በፊት

መተማ ሲነሣ ለተማሪዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚላቸው፣ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ከደርቡሽ ጋር ሲዋጉ የቆሰሉበት ጦርነት ነው። እኛም ስናስተምር የኖርነው ይህንኑ ነው። ከዚያ በፊት ግን መተማ በጎንደርና በሱዳን መካከል ታላቅ ገበያ ነበረች። ከደጋው ቡናና ሰም ይወርድላታል፤ ከቆላው ጥጥ ይቀርባል። ባሪያም ይሸጥባት ነበር፤ ይህን ከተማሪ መሸሸግ አይገባንም።

ከሁሉ የሚያስደንቁን ነዋሪዎቿ ተክሩሮች ናቸው። አባቶቻቸው ከዳርፉርና ከዚያም ወዲያ ተነሥተው ወደ መካ ሲመላለሱ በዚያው የቀሩ ሐጃጆች ነበሩ። እንግሊዛዊው መንገደኛ ሳሙኤል ቤከር በ1854 ዓ.ም. ባያቸው ጊዜ ለኢትዮጵያም ለግብጽም ይገብሩ ነበር። ድንበር ለእነርሱ ሁለት ግብር ማለት ነበር ብንል አልተሳሳትንም።

ወደ መተማ የወረደ ሰው የሚያገኘው ወሰን በበጋ የሚደርቅ ጅረት ነው። ማዶው ገላባት ነው፤ መንገዱም ወደ ገዳሪፍ የሰሊጥ ገበያ ያደርሳል። በደርግ ዘመን ብዙ ወገኖቻችን በዚሁ አቅጣጫ ተሰደዋል። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ሲነሣ ደግሞ፣ ሱዳናውያንና በዚያ ይኖሩ የነበሩ ኢትዮጵያውያን በዚያው መንገድ ወደ መተማ ገቡ።