ከአደራ መጽሐፍ ወደ ኪራይ መጽሔት

ግሽ ዓባይን የሚያውቅ ሰው የአቡነ ዘርዐ ብሩክን ታሪክ ሳይሰማ አይቀርም። ትውፊቱ እንደሚለው ጻድቁ በንጉሥ ትእዛዝ ተይዘው ሲወሰዱ መጻሕፍታቸውን ለወንዙ ውኃ አደራ ሰጡ፤ ከዓመታት በኋላ ተመልሰው አደራቸውን ሲጠይቁም ውኃው መጻሕፍቱን ጠብታ ሳይነካቸው መለሰላቸው። እኔን እንደ ታሪክ መምህር የሚስበኝ በትውፊቱ ውስጥ ያለው የመጽሐፍ ሕግ ነው። መጽሐፍ ባለቤት አለው፤ ባለቤቱ ለፈለገው አደራ ይሰጠዋል ወይም ያውሰዋል፤ የተቀበለውም በተጠየቀ ጊዜ እንዳለ ይመልሳል። ዛሬ በዩኒቨርሲቲዎቻችን ቤተ መጻሕፍት የምንገለገልባቸው አብዛኞቹ የውጭ የኤሌክትሮኒክ መጽሔቶች ግን የእኛ አይደሉም፤ ስለዚህም አደራ ልንሰጣቸውም ሆነ ልናውሳቸው አንችልም። እንዴት እዚህ ደረስን? (ዓ.ም. ካላልኩ በቀር ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በጎጃም አድባራትና ገዳማት የሚገኙ የብራና መጻሕፍት ብዙውን ጊዜ ግዝት ተጽፎባቸዋል። የሰረቀው፣ የፋቀው፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ያወጣው በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ ይሁን የሚል ነው። አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በል። ግዝቱ የሚጠብቀው ብራናውን እንጂ በብራናው ላይ የሰፈረውን ቃል አይደለም። መጽሐፉን ለሌላ ደብር መገልበጥ ነውር አልነበረም፤ ብራና ዳምጦ፣ ቀለም በጥብጦ የሚገለብጥ ጸሐፊ እንደ በጎ አድራጊ ይታይ ነበር። የቅኔ ተማሪውም ከዋሸራ ወደ ጎንጅ፣ ከጎንጅ ወደ ዲማ ሲዞር በቃሉ የያዘውን ዕውቀት በየት በኩል አወጣኸው ብሎ የጠየቀው የለም። ባጭሩ፣ የአባቶቻችን ሥርዓት ዕቃውን አጥብቆ ይጠብቃል፤ ዕውቀቱን ግን ይለቀዋል።

ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በኖቬምበር 1770 ግሽ ዓባይ ደረሰ። ኢየሱሳዊው ፔድሮ ፓኤዝ በ1618 ምንጩን ካየ ከ150 ዓመታት በኋላ መሆኑ ነው። ብሩስ ከኢትዮጵያ ሲመለስ ሦስት የመጽሐፈ ሄኖክ ቅጂዎችን ይዞ ሄደ፤ አንዱ ለፈረንሳይ ንጉሥ ቤተ መጻሕፍት፣ ሌላው በኦክስፎርድ ለሚገኘው ቦድሊያን ተሰጠ። ሪቻርድ ሎውረንስ በ1821 የእንግሊዝኛ ትርጉሙን፣ ጀርመናዊው ዲልማን በ1851 የግእዙን ንባብ አሳተሙ። የአውሮፓ ሊቃውንት ሙሉውን ሄኖክ ያገኙት በግእዝ ብቻ ነውና በዚህ ሥራ ስም አተረፉበት። ነገሩ ቢያስቆጭም ሄኖክ ከእኛ ዘንድ አልጠፋም፤ በየደብሩ መገልበጡና መነበቡ ቀጥሏል። በ1868 የብሪታንያ ጦር ከመቅደላ የጫናቸው መጻሕፍት ግን ራሳቸው ብራናዎቹ ስለሆኑ ቁስሉ ከዚህ የተለየ ነው።

የኅትመቱ ዘመንም ቢሆን በመሠረቱ ከዚህ አልራቀም። በ1908 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አንድ አስገራሚ ክርክር ቀርቦለት ነበር። አንድ አሳታሚ በልብ ወለድ መጽሐፍ ውስጥ፣ ይህን መጽሐፍ ከ1 ዶላር በታች መሸጥ ፈቃድ የለውም የሚል ማስታወቂያ አትሞ ነበርና ሜሲ የተባለው መደብር በ89 ሳንቲም ቢሸጠው ከሰሰው። ፍርድ ቤቱ የአሳታሚውን ግዝት አልተቀበለም፤ አንዴ ከተሸጠ በኋላ በዚያ ቅጂ ላይ የሚያዘው ገዢው ነው አለ። የዘመናዊው ቤተ መጻሕፍት የማዋስ መብት የቆመው በዚህ ዓይነት መርሕ ላይ ነው። በ1963 የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሲመሠረትና የራሱን መጽሔት ማሳተም ሲጀምር ያን ቅጽ የገዛ ቤተ መጻሕፍት ዛሬም አለው። ከዚያ በኋላ ደንበኝነቱ ቢቋረጥ፣ መንግሥት ቢለወጥ፣ የውጭ ምንዛሪ ቢጠፋ እንኳ መደርደሪያው ላይ ያለውን የሚወስድበት የለም።

በ1990ዎቹ መጽሔቶች ወደ ኤሌክትሮኒክ ሲዛወሩ ይህ መርሕ ያለ ብዙ ጫጫታ ተሻረ። አሳታሚው መሸጡን ተወና በፈቃድ ውል ማከራየት ጀመረ። ውሉ ማን እንደሚያነብ ይደነግጋል፤ ብዙውን ጊዜ የተመዘገበ ተማሪና የተቀጠረ መምህር ነው። ለሌላ ቤተ መጻሕፍት ማዋስን አንዳንዱ ይከለክላል፤ አንዳንዱ በወረቀት አትሞ መላክን ብቻ ይፈቅዳል። ዘላቂ ይዞታ የሚሰጥ አንቀጽ ከሌለበት ደግሞ ክፍያው ሲቆም ትናንት የከፈልንበት የቆየ ቅጽ ሳይቀር ይዘጋል። እኛም በ1996 ዓ.ም. የወጣ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 አለን፤ ቤተ መጻሕፍት በቅድመ ሁኔታ እንዲያባዙ ይፈቅዳል። ይሁን እንጂ በተግባር የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛውን እጅ የሚያስረው ከአዋጁ ይልቅ የተፈረመው ውል ነው። አሜሪካኖቹ በ1908 የጣሉት ግዝት ውል ሆኖ ተመልሶ መጣ ማለት ይቻላል። የእኛ አባቶች ዕቃውን ጠብቀው ቃሉን ይለቁ ነበር፤ ይህኛው ደግሞ ዕቃ የሚባል ነገር ሳይሰጠን ቃሉን ያስራል።

ፍርደ ገምድል ላለመሆን ሌላውንም ወገን ልናገር። በጃንዋሪ 2002 የዓለም ጤና ድርጅትና ስድስት ትላልቅ አሳታሚዎች ሂናሪ የተባለውን የሕክምና መጽሔቶች ፕሮግራም ጀመሩ፤ በ2003 ለግብርናው አጎራ ተከተለ። ኢትዮጵያ ያለ ክፍያ ከሚጠቀሙት አገሮች ምድብ ገባች። ጄስቶርም ከ2006 ጀምሮ ለአፍሪካ ተቋማት ክፍያውን ተወ። አሳታሚዎችን በቅናሽ የሚያደራድሩ ዓለም አቀፍ ድርጅቶችም አግዘውናል፤ ኋላም የአገራችን የአካዳሚና የምርምር ቤተ መጻሕፍት ጥምረት ድርድሩን ተረክቧል። በወረቀቱ ዘመን አንድም የክልል ኮሌጅ በሺህ የሚቆጠሩ መጽሔቶችን ገዝቶ ሊደረድር አይችልም ነበር። ይህ ትልቅ ውለታ ነው፤ መካድ አይገባም።

ችግሩ ውለታ መብት አለመሆኑ ነው። በ2011 መጀመሪያ አሳታሚዎች ከ2,500 የሚበልጡ የሂናሪ መጽሔቶችን ከባንግላዴሽ ላይ በድንገት ዘጉ። ምክንያታቸው ገበያው አድጓል፣ አሁን መሸጥ እንችላለን የሚል ነበር። የሕክምና መጽሔቶች ጉዳዩን ይፋ አውጥተው ጩኸት ሲበረታ ብዙዎቹ መለሱት። ትምህርቱ ግን ለእኛም ነው። ወደ ንባብ ቤቱ የምንገባበት መታወቂያ ድህነታችን ነው፤ ኢኮኖሚያችን ከተወሰነ መሥመር ባለፈ ማግስት በሩ ሊዘጋብን ይችላል። ያን ጊዜ ሃያ ዓመት ሙሉ ያነበብነው ሁሉ በመደርደሪያችን ላይ አንድ ገጽ እንኳ ትቶልን አይሄድም።

በሩ ክፍት በሆነበት ጊዜም ሁሉም አይገባም። እዚያው ምዕራብ ጎጃም ያለ ጉዳይ በምሳሌነት ላንሣ። ሜጀር ቺዝማን ከ1925 እስከ 1934 በዳንግላ የብሪታንያ ቆንስል ነበር። የዓባይን ሸለቆ በበቅሎ ዞሮ አጥንቶ በ1928 የላይኛውን ዓባይ የሚመለከት ጽሑፍ በእንግሊዝ ጂኦግራፊ ማኅበር መጽሔት አወጣ። ቺዝማን በ1962 ስለሞተ በእንግሊዝ ሕግ የቅጂ መብቱ እስከ 2032 መጨረሻ ይቆያል። ጄስቶር በ2011 የቆዩ ጽሑፎችን ለሁሉም በነጻ ሲለቅም ከአሜሪካ ውጭ ለታተሙት ያስቀመጠው ወሰን ከ1870 በፊት የሚል ስለነበር የቺዝማን ጽሑፍ አልገባበትም። አሁን የፍኖተ ሰላም አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የታሪክ መምህር ስለ ገዛ ወረዳው የተጻፈውን ይህን ጽሑፍ ለተማሪዎቹ ሊያቀርብ ፈለገ እንበል። የዩኒቨርሲቲ አባል አይደለምና የተቋሙ ፈቃድ አይመለከተውም። በግሉ ተመዝግቦ በስክሪን ላይ ያነበው ይሆናል፤ አውርዶ፣ አባዝቶ ለተማሪ ማደል ግን አልተፈቀደለትም። በቡሬ ካምፓስ የሚያስተምር ወዳጁ ከተቋሙ ገጽ አውጥቶ ቢያቀብለው ደግሞ ውል አፍርሷል ሊባል ይችላል። ይኸው ጽሑፍ በወረቀት ቢሆን ኖሮ ወዳጁ ቅጹን በብብቱ ሸጉጦ ከቡሬ ፍኖተ ሰላም በመኪና ወስዶ ያውሰው ነበር።

በተግባር የሚሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ተማሪዎቻችን የሚፈልጉትን በ2011 ከተቋቋመው ሳይ ሀብ ወይም ከቴሌግራም ያወርዳሉ፤ መምህሩም እንዳላየ ያልፋል። ሕግ ተላላፊ ናቸው ብሎ መፍረድ ቀላል ነው። አንድ ትውልድ በሙሉ በጓዳ በር ገብቶ እንዲማር ያስገደደውን ሥርዓት መመርመር ግን ይከብዳል።

በዚህ ላይ የራሳችን መንግሥት የጨመረው አለ። በኦገስት 2023 በአማራ ክልል ግጭቱ ተባብሶ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጧል። ዕውቀቱን ሁሉ ባሕር ማዶ ባለ ኮምፒውተር ላይ ያከማቸ ቤተ መጻሕፍት ኢንተርኔት ሲጠፋ ባዶ አዳራሽ ነው። የወረቀት መጽሔት በአንድ መሥሪያ ቤት ትእዛዝ በአንድ ሌሊት ከአንድ ክልል አይጠፋም።

እኛ ምሁራንስ? በመንግሥት ገንዘብ ያጠናነውን፣ የሰከላንና የቡሬን ገበሬ ጊዜ ወስደን የጠየቅነውን ጽሑፍ የፕሮሞሽን ነጥብ ያስገኛል ብለን ለውጭ አሳታሚ በነጻ እናስረክባለን፤ መብቱንም ፈርመን እንለቃለን፤ ከዚያ ቤተ መጻሕፍታችን መልሶ እንዲለምነው እንተወዋለን። ገበሬው ዘሩን ሰጥቶ ምርቱን በብድር እንደሚሸምት ያለ ነው። በሴፕቴምበር 2019 የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር በመንግሥት ገንዘብ የተሠራ ምርምር በአገር አቀፍ ዲጂታል ማከማቻ ለሁሉም ክፍት ሆኖ እንዲቀመጥ የሚያዝ ፖሊሲ አወጣ። ጥሩ ፖሊሲ ነው። ሆኖም እስካሁን እኔ በማውቃቸው የደረጃ ዕድገት ስብሰባዎች ላይ፣ ጽሑፍህን በማከማቻው አስገብተሃል ወይ ተብሎ የተጠየቀ መምህር አላየሁም።

ስለዚህ የምለው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ጥምረቱ ሲደራደር የመጽሔት ብዛትን ብቻ አይቁጠር፤ ዘላቂ ይዞታን፣ የእርስ በርስ ውሰትንና ከውጭ የሚመጣ አንባቢ በቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ የማንበብ መብትን በውሉ ያስጽፍ። ሁለተኛ፣ የ2019ኙ ፖሊሲ ከደረጃ ዕድገት ጋር ይታሰር፤ ማከማቻ ያልገባ ጽሑፍ አይቆጠር። ሦስተኛ፣ ስለ አገራችን የተጻፉና የባለቤትነት ዘመናቸው ያለፈ ጽሑፎች እየተሰበሰቡ ኢንተርኔት በማያስፈልገው መንገድ ለየወረዳው ቤተ መጻሕፍትና ትምህርት ቤት ይዳረሱ። ይህ በሃርድ ዲስክ የሚከናወን ሥራ እንጂ ግድብ መገንባት አይደለም።

የመጽሐፍ ባለቤት ያልሆነ ቤተ መጻሕፍት በሰው ፈቃድ የሚከፈት ክፍል ነው። የሚያውሰው የሌለው ደግሞ ለፍኖተ ሰላሙ መምህር የሚለው ነገር የለውም።

ቸር ይግጠመን።