ጧሪና ቀባሪ፦ በአገራችን የአረጋውያን አያያዝ ታሪክ



በእኛ በወገራ ሽማግሌ ሲመርቅ «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» ይላል። ሁለቱ ቃላት ዘወትር ተከታትለው ስለሚነገሩ እንደ አንድ ነገር ሲቆጠሩ ኖረዋል። እኛ ዕድርተኞች ግን ልብ ልንል የሚገባን ነገር አለ፤ የያዝነው ሁለተኛውን ብቻ ነው። ጥሩምባው ከተነፋ ድንኳኑም፣ ድስቱም፣ አግዳሚ ወንበሩም፣ አልቃሹም በሰዓቱ ይገኛል፤ የቀረ መቅጫውን ይከፍላል። ጧሪውስ ማን ነው? ስለ እርሱ በመተዳደሪያ ደንባችን አንዲት መስመር እንኳ አልተጻፈችም።

ይህን ጽሑፍ እንድንጽፍ ያነሣሣን የአንዲት እናት ነገር ነው። ስማቸውን አንጠቅስም፤ አብዛኞቻችሁ ታውቋቸዋላችሁ። ባላቸው ቀደም ብለው ያረፉ፣ ልጆቻቸው በየአገሩ የተበተኑ፣ መዋጯቸውን አንድም ወር ያላጓደሉ ነበሩ። ዐርፈው ገንዘን ለመቅበር በሄድን ጊዜ ከራስጌያቸው በጨርቅ የተቋጠረ የደም ብዛት ክኒን ተገኘ። የመጀመሪያውን ወር ውጠው፣ ሻል ሲላቸው ድኛለሁ ብለው ትተውት ኖሯል። ክኒኑን የሰጧቸው ሰዎች ካርዳቸውን ይዘዋል፤ ቀበሌው ስማቸውን በችግረኞች መዝገብ አስፍሯል፤ በሰንበት ከደጀ ሰላም ቁራሽ ይደርሳቸዋል፤ እኛም በየወሩ ገንዘብ እንቀበላቸዋለን። አራታችንም እናውቃቸው ነበር፤ አራታችንም ግን እርስ በርሳችን አንድ ቀን አልተነጋገርንም። ዛሬ በስብሰባው ሁሉ «ቅንጅት፣ ቅንጅት» ሲባል የምንሰማው ትርጉሙ ይኸው ነው፤ ቁም ነገሩ እነዚያ አራቱ ሰዎች መነጋገራቸው ነው።

እንግዲህ ነገሩን ከሥሩ እናንሣ።

በጥንቱ ዘመን ጧሪው መሬት ነበር ብንል ያጋነንን አይመስለንም። አባት ሲሸመግል በሬውንና ሞፈሩን ለልጁ ይለቅቃል፤ ርስቱን ግን በቶሎ ከእጁ አያወጣም። ከልጆቹ የጦረው፣ ከአጠገቡ ሆኖ ያረሰለት፣ ከርስቱ የተሻለውን ማግኘቱ የታወቀ ልማድ ነበር። ልጅም ይህን ስለሚያውቅ እግር ማጠቡን አይሰለችም፤ ፍቅሩ እንዳለ ሆኖ ማለታችን ነው። ልጅ የሌለው ወይም የመነነ ቆብ ደፍቶ ከቤተ ክርስቲያን ግቢ ጥግ ጎጆ ይቀልሳል፤ ሰንበቴውና ማኅበሩ ያጎርሰዋል፤ ተዝካር ባለ ቁጥርም ይጠራል።

ዳሩ ግን የዱሮውን ነገር ሁሉ ማር አድርጎ ማውራት አይገባም። ርስት የሌለው ጭሰኛ፣ ሸማኔው፣ አንጥረኛውና ሸክላ ሠሪዋ ሲያረጁ የሚያወርሱት መሬት የላቸውም። የእነዚያ እርጅና ምን ይመስል እንደነበር የሚጽፍ ስላልተገኘ ነው እንጂ ታሪኩ ያማረ ነበር ለማለት አይቻልም።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ወላጅና ልጅ አንዱ ሲቸገር ሌላው የመቀለብ ግዴታ እንዳለበት ደነገገ። ሕጉ መልካም ነው። ግን እኛ ዘንድ ልጁን ከስሶ ቀለብ የሚጠይቅ አባት የት ይገኛል? ከነውሩ ርሃቡ ይሻለዋል። በ1953 ዓ.ም. ደግሞ የመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ ድንጋጌ ወጣ። «ጡረታ» የሚለው ቃል ከዚያው ከ«ጦረ» የመጣ ነው፤ የልጅ ሥራ የነበረው ለመዝገብ ቤት ተላለፈ ማለት ነው። የግል ድርጅት ሠራተኛ እንዲህ ያለ አዋጅ ያገኘው በ2003 ዓ.ም. ነው። ገብስና ስንዴ ሲያበቅል የኖረው የወገራ ገበሬ ግን ዛሬም የጡረታ ደብተር የለውም።

በጤናው በኩል ታሪኩ ከደጃችን ይጀምራል። በ1945 ክረምትና በ46 መባቻ በደምቢያ ሜዳ የወባ ወረርሽኝ ተነሥቶ ወደ 7 ሺህ የሚደርስ ሰው እንደፈጀ ይነገራል። በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ጥበቃ ኮሌጅ ሲከፈት ያ እልቂት ገና ከሰው ልብ አልወጣም ነበር። የዓለም የጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና የአሜሪካ መንግሥት ረድተዋል። የኮሌጁ አሳብ ለዘመኑ አዲስ ነበር፤ ሐኪም ብቻውን አይሠራም፣ ጤና መኮንን፣ የኅብረተሰብ ነርስና የጽዳት ባለሙያ ሦስት ሆነው አንድ ጤና ጣቢያ ይይዛሉ፣ አንዱም ጣቢያ 50 ሺህ ሰው ያገለግላል የሚል ነበር። መኮንኑ ያክማል፤ ነርሷ ቤት ለቤት ትዞራለች፤ ባለሙያው ምንጩንና ሽንት ቤቱን ይመለከታል። ተማሪዎቹም ልምምዳቸውን እንደ ቆላ ድባ ባሉ የገጠር ጤና ጣቢያዎች ያደርጉ ነበር።

ይህ እንግዲህ ቅንጅት ነው፤ ያውም ከሰባ ዓመት በፊት፣ ያውም በጎንደር! ታዲያ ሽማግሌዎቹ የት ገቡ? አልተረሱም፤ ገና አልበዙም ነበር እንጂ። በዚያ ዘመን የኢትዮጵያዊ አማካይ ዕድሜ ከ40 ዓመት በታች ነበር። (ይህ ሲባል ሰው ሁሉ በ40 ይሞታል ማለት አይደለም፤ ቁጥሩን ያወረደው የሕፃናቱ ሞት ነው።) ነርሷ የምትዞረው ለእናትና ለሕፃን፣ ለኩፍኝና ለፈንጣጣ ነው። ዛሬ አማካዩ ከ65 ዓመት አልፏል። ፈንጣጣ ጠፍቷል፤ በምትኩ ደም ብዛት፣ ስኳር፣ የዓይን ሞራና ቁርጥማት መጥተዋል። እነዚህ በአንድ መርፌ አይድኑም፤ በየወሩ መመላለስ ይጠይቃሉ፤ መመላለስ ደግሞ እግርና ጓደኛ ይሻል። በክልላችን ብዙ እናቶችን ያሳወረውን የዓይን ማዝ እንኳ እንውሰድ። ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ሲያድግ በጤና ጣቢያ በሚደረግ አጭር ቀዶ ሕክምና ይታረማል። ግን ያች እናት እጇን ይዞ የሚያደርሳት፣ ዓይኗ እስኪሽር ውኃ የሚቀዳላት ካላገኘች ቀዶ ሕክምናው መኖሩ ምን ይጠቅማታል?

1967 ዓ.ም. መጣ። የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 31 ርስትን ሽሮ መሬትን የሕዝብ አደረገ። ጭሰኛው ተገላገለ፤ ይህ አይካድም። ሽማግሌው ግን ልጁን ከአጠገቡ የሚያቆይበት ርስት ከእጁ ወጣ። አዋጁ ይህን አላጣውም ነበርና ለገበሬ ማኅበራት ከሰጣቸው ሥራዎች አንዱ በእርጅናና በሕመም ምክንያት ማረስ ያልቻሉትን ሰዎች መሬት ማረስ ነበር። ማኅበሩ ጧሪ ይሁን ማለት ነው። በተግባር የሆነው ግን በሰብሳቢው ጠባይ የሚወሰን ነበር፤ የዘማች ቤተሰብ ማሳ ሲቀድም፣ ስብሰባው ሲበዛ፣ የአዛውንቱ መሬት አረም የሚበላበት ጊዜም ነበር።

ዕድርስ? ሊቃውንቱ አመጣጡን ከከተሞች ማደግ ጋር ያያይዙታል፤ በጣሊያን ወረራ ዘመንና ከዚያ ወዲህ እንደተስፋፋም ይተርካሉ። ሰው ከዘመዱ ርቆ ከተማ ሲገባ «ብሞት ማን ይቀብረኛል» አለ፤ መልሱ ዕድር ሆነ። ከ1950ዎቹ ጀምሮ የአዲስ አበባ ዕድሮች መንገድና ትምህርት ቤት ወደ ማሠራት ገብተው ነበር። በደርግ ዘመን የልማቱን ሥራ ቀበሌ ስለያዘው ዕድር ወደ ቀብሩ ተመለሰ፤ እኛም ብዙዎቻችን ዕድርን የምናውቀው በዚያ መልኩ ነው። ነገር ግን በ1990ዎቹ የኤች አይ ቪ ጉዳት ሲበረታ ቀብሩ በዝቶ ሣጥን መግዣ ያጠራቸው ዕድሮች ዝም ብለው አልተቀመጡም። በሽተኛውን በቁሙ እያለ መጠየቅ፣ ማጠብ፣ መድኃኒቱን ማስታወስ ጀመሩ። ስለዚህ ዕድር ከቀብር በቀር ሌላ አይችልም የሚሉ ወንድሞቻችን ይህን ታሪክ እንዲያስቡልን እንለምናለን።

በወረቀቱ በኩል ያጣነው ነገር የለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን ይረዳል ይላል፤ ከ1998 እስከ 2007 ዓ.ም. የሚሠራ ብሔራዊ የአረጋውያን የድርጊት መርሐ ግብር ነበር፤ በ2007 ዓ.ም. የማኅበራዊ ጥበቃ ፖሊሲ ወጣ። ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ የተሠማሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤታችንን በር በበር ያውቁታል፤ ሥራቸው ግን አሁንም በይበልጥ ለእናትና ሕፃን ነው። በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ለገበሬው ትልቅ ነገር ነው። ሆኖም መድኑ ደብተሩ በየዓመቱ እንዲታደስ፣ ጎንደር ለመታከምም በቅድሚያ ከጤና ጣቢያ የሪፈር ወረቀት እንዲያዝ ይፈልጋል። ማንበብ የማይችሉ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ አባት ይህን ሁሉ እንዴት ይከታተሉት? ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን በተነሣው ግጭት መንገድ የተዘጋበት ቀን ሲጨመርበትማ ነገሩን እናንተው ታውቁታላችሁ።

በአዲስ አበባ በቢንያም በለጠ የተመሠረተው መቄዶንያ በሺህ የሚቆጠሩ አረጋውያንንና ሕሙማንን ሰብስቦ ይረዳል፤ እግዜር ይስጠው። የእኛ ሰው ግን ከደጁ መነቀልን አይወድም። ጦሩኝ ካለም እዚሁ ከሚያውቀው ሰው መካከል ነው።

ስለዚህ ለሚመጣው ጠቅላላ ጉባኤ የምናቀርበው ትንሽ ነገር ነው። በአባላት መዝገባችን ከሽማግሌዎቹና ከአሮጊቶቹ ስም ጎን ሦስት ነገር ይጻፍ፦ ብቻውን ነው ወይስ ሰው አለው፤ በየወሩ መድኃኒት የሚያመጣለት ማን ነው፤ የመድኑ ደብተር ታድሷል ወይ። የበሽታው ስም አይጻፍ። «የሰው ገመና በዕድር መዝገብ አይውጣ» ያሉን አባላት አሉ፤ ልክ ናቸው። ጸሐፊውም በወር አንድ ቀን መዝገቡን ይዞ ከጤና ኤክስቴንሽኗና ከቀበሌው የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ጋር ይቀመጥ። «የቀብር ገንዘብ አይነካ» ለሚሉትም መልሳችን አይነካም ነው፤ ይህ ሥራ ገንዘብ አይፈልግም። ከወጪ የምንጠይቀው ለቃሬዛው ብቻ ነው። እርሱም እስካሁን አስከሬን ብቻ ሳይሆን በሽተኛም ሲያደርስ ኖሯል። አሁን በገንዘብ ያዡ ቤት ጓሮ ቆሟል፤ አንዱ እንጨት ስለተሰነጠቀ ከጉባኤው በፊት የሚጠግነው አናጢ እንፈልጋለን።