ሙቀትና ስስ አየር፦ የፕሮሰሰር ታሪክ ከስሜን ደጋ ሲታይ

የፕሮሰሰር ታሪክ ብዙ ጊዜ የፍጥነት ታሪክ ተደርጎ ይነገራል። ነገሩ በጥሞና ሲመረመር ግን የሙቀት ታሪክ ሆኖ ይገኛል፤ ፕሮሰሰር የሚፈጀው የኤሌክትሪክ ኃይል በሙሉ ማለት ይቻላል ወደ ሙቀት ይለወጣልና። ይህም በደባርቅ፣ በዳባትና በቡይት ራስ ለጨዋታ የሚሆን ኮምፒዩተር ለሚገዛ ወጣት የተለየ ትርጉም አለው።

እ.ኤ.አ. በ1946 ለሕዝብ የታየው ኤኒያክ ወደ 18,000 የሚጠጉ የቫኪዩም ቱቦዎች ነበሩት፤ 150 ኪሎዋት ያህል ይፈጅ ስለነበር ያለ ትላልቅ ማራገቢያዎች ሊሠራ አይችልም ነበር። በ1971 ኢንቴል ያወጣው 4004 ግን 2,300 ትራንዚስተሮችን በአንዲት የሲሊከን ቅንጣት ላይ ሰብስቦ አንድ ዋት ገደማ ብቻ ስለሚፈጅ ማቀዝቀዣ አላስፈለገውም። በ1974 የአይ.ቢ.ኤሙ ሮበርት ዴናርድና ባልደረቦቹ ትራንዚስተር ባነሰ ቁጥር የሚፈጀውም ኃይል አብሮ እንደሚቀንስ አስረዱ። ኢንዱስትሪውም በዚህ መንገድ ሠላሳ ዓመት ያህል ተጓዘ። ይሁን እንጂ የፍጥነቱ ግሥጋሤ ከቁጠባው ስለበለጠ፣ በ1990ዎቹ የብረት ክንፍና ማራገቢያ የተለመዱ ዕቃዎች ሆኑ። በ2004 አንዳንድ የፔንቲየም 4 ዓይነቶች 115 ዋት ደረሱ። በዚያው ዓመት ኢንቴል ባለ 4 ጊጋኸርዝ ፔንቲየም 4 የማውጣት ዕቅዱን ሠረዘ፤ በ2005ም አምራቾቹ ኮሮችን ወደ ማብዛት ዞሩ።

ለጨዋታ የሚጠቅመው ትምህርት የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በ2023 የወጣው የኤኤምዲ ራይዝን 7 7800ኤክስ3ዲ በ96 ሜጋባይት ካሽ እየታገዘ፣ በ120 ዋት ደረጃ፣ እስከ 253 ዋት የሚፈጀውን ኮር አይ9-13900ኬ በብዙ ጨዋታዎች ተስተካከለው፤ በአንዳንዶቹም በለጠው። እንግዲህ ብዙ ሙቀት የብዙ ብቃት ምልክት አይደለም።

ወደ ደጋው እንመለስ። ደባርቅ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ቡይት ራስ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው 70 ከመቶ ያህል ብቻ ነው። ማራገቢያው ያንኑ ይዘት ቢነፍስም ሙቀት ተሸካሚው አየር አንሷል። ለምሳሌ ያህል፣ በጅቡቲ 38 ዲግሪ በሆነ ክፍል ውስጥ አንድ ማቀዝቀዣ ፕሮሰሰሩን ከክፍሉ 40 ዲግሪ አስበልጦ በ78 ያቆመዋል እንበል። በደባርቅ 18 ዲግሪ በሆነ ክፍል ልዩነቱ ወደ 50 ከፍ ቢል ፕሮሰሰሩ በ68 ይቆማል። ብርዱ ከሰጠው 20 ዲግሪ ግማሹን የአየሩ ስስነት ወሰደው ማለት ነው። ስለዚህ «አገሩ ብርድ ነው» ብሎ አነስተኛ ማቀዝቀዣ የሚገዛ ሰው ይከስራል፤ የጋለ ፕሮሰሰር ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳልና፣ ገንዘብ የተከፈለበት ፍጥነት እንዲያው ይቀራል።

ውሃ የሚዘዋወርበት ማቀዝቀዣም ቢሆን ሙቀቱን በመጨረሻ የሚያስረክበው ለዚያው ስስ አየር ነው፤ ፓምፑ ቢበላሽ ደግሞ ምትኩን በቅርብ ማግኘት ያስቸግራል። ሰፊ የብረት ክንፍና ሁለት ማራገቢያ ያለው ማቀዝቀዣ ግን ማራገቢያው ብቻ ተለውጦ ዓመታት ያገለግላል፤ የበጋ አቧራና የማገዶ ጢስ ክንፎቹን እንዳይደፍናቸው በየጊዜው ማጽዳት ብቻ ይበቃዋል። ገዢው አስቀድሞ ዋቱን ይጠይቅ፤ ማቀዝቀዣውንም ለዋቱ ከሚበቃው አንድ ደረጃ ከፍ አድርጎ ይምረጥ። ከሰባ ዓመት በላይ የሆነው ታሪክ የሚያስተምረው ይህንኑ ነው።